ስሜ የት ሄደ?

የዛሬው ረዘም ይላል፣ ቡና እያፈላችሁ አንብቡት። ስለ ኮንቴይነርና ስለ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ነው። «ይሄ የኛ ጉዳይ አይደለም» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ነገሩ የጀመረው በአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ካርድ ነው።

አምና የአንደኛ ሴሚስተር ካርድ ስናድል ልጅቷ ካርዷን ይዛ መጣችና «ቲቸር፣ ስሜ የት ሄደ?» አለችኝ። ተቀብዬ አየሁት። ስሟ ሊጻፍ የሚገባው ቦታ ላይ አራት የጥያቄ ምልክት፣ ክፍተት፣ አምስት የጥያቄ ምልክት፣ ክፍተት፣ ሦስት የጥያቄ ምልክት። የራሷ፣ የአባቷ፣ የአያቷ። ማርኩ ግን አንድም አልተነካም። ከላይ ርዕሱ ላይ ያለው የትምህርት ቤት ስም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ ችግሩ የኛ ስም አለመሆኑ ነው። የሌላ ትምህርት ቤት ስም ነው የታተመው። ያተምነው የሁለት ክፍል ካርድ እንዳለ እንዲህ ሆኖ ቀረ። የሁለት ክፍል ካርድ ማለት ደግሞ ወረቀትም ቀለምም ነው፣ እዚህ ዛሪማ ቀለም ሲያልቅ ወርደህ የምትገዛበት ሱቅ የለም።

ልጅቷ አልተቆጣችም፣ ሳቀች። እኔ ነኝ ያፈርኩት። ምክንያቱን ስነግራችሁ ትረዱኛላችሁ።

ፕሮግራሙን የሠራው የድሮ ተማሪዬ ነው፣ አሁን ጎንደር ይማራል። ስሙን አልጠራም፣ ሲያነበው ራሱን ያውቃል። የተማሪ ስም ዝርዝር የሚይዝ፣ ማርክ የሚደምር፣ ደረጃ የሚያወጣ፣ ሮስተርና ካርድ የሚያትም ትንሽ የጃቫ ፕሮግራም ነው። በእጅ ሮስተር ሠርታችሁ የምታውቁ መምህራን ምን ያህል ሥራ እንደሚያቀል አይጠፋችሁም። የመጀመሪያውን የሠራው ለሌላ ትምህርት ቤት ነበር፣ ኋላ ለኛም አመጣልን። ያኔ ኢንተርኔት ተቋርጦ የነበረበት ጊዜ ስለሆነ ዶከር ላይ ኮንቴይነር አድርጎ አሽጎ፣ ኢሜጁን ፍላሽ ላይ ጭኖ፣ ፍላሹን በሹፌር እጅ ላከልኝ። ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሊማሊሞን ወርዶ ዛሪማ። እኔም አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ጫንኩት፣ ሠራ። ደስ ብሎን ነበር።

ኮንቴይነር ምን እንደሆነ ለማታውቁት ላስረዳ። አገልግል ታውቃላችሁ። እናት ልጇ መንገድ ሲወጣ እንጀራውንም ወጡንም አሰናድታ፣ አስራ ትሰጠዋለች። የትም ቢደርስ ፈትቶ ይበላል፣ የደረሰበት ቤት ምጣድ ይኑር አይኑር አይጨነቅም። ኮንቴይነርም ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አስሮ የሚይዝ አገልግል ነው። ዶከር የሚባለው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ዓለም ሁሉ ሶፍትዌር የሚያጓጉዘው በዚህ ነው ማለት ይቻላል። «እኔ ላፕቶፕ ላይ እኮ ይሠራል» የምትለዋን የፕሮግራመር ሰበብ ለማጥፋት ታስቦ ነው።

አገልግሉ ግን የማያውቀው ነገር አለ። የት እንደደረሰ አያውቅም። እዚያ ቤት የሚነገረው ቋንቋ ምን እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሚባል አያውቅም። ይሄን መንገር የተቀባዩ ድርሻ ነው፤ የሚነገርበት መንገድ ደግሞ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ይባላል። ቃል በቃል «የአካባቢ ተለዋዋጭ» ብንለው አያስኬድም አይባልም። አንድ ስም፣ እኩል ይሆናል፣ አንድ ዋጋ። በቃ ይሄው ነው። አዲስ ፈጠራም አይደለም፣ ዩኒክስ ሰባተኛው እትም ላይ እ.ኤ.አ. በ1979 የገባ ነገር ነው፤ እኔ ራሴ ገና አልተወለድኩም። ፕሮግራሙ ሲነሳ ይቺን ዝርዝር ከውጭ ይቀበላል፣ አንብቦ እንደ አካባቢው ይሆናል። ደባርቅ ላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ሊማሊሞን ጨርሶ ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን ያወልቃል። ሰውየው ያው ሰውየው ነው። ጋቢው ቆዳው ላይ ቢሰፋ ኖሮ ግን ሙቀቱ ይገድለው ነበር።

አሁን ወደ ልጅቷ ስም እንመለስ።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በስሪት 3.0 ነው። ስለዚህ «ኮምፒውተሩ አማርኛ አይችልም» የሚባለው ሰበብ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ይችላል፣ ብቻ ሲነሳ ይነገረው። ያ ኢሜጅ ባዶ ደብያን ላይ የተሠራ ስለነበር ላንግ የሚባለው ቫሪያብል አልተሰጠውም። ላንግ ካልተሰጠ ሲስተሙ የሚወስደው የድሮውን የአሜሪካ ፊደል ብቻ ነው፣ አስኪ የሚባለውን። ጃቫ ደግሞ እስከ ስሪት 17 ድረስ ፋይል ሲጽፍና ሲያነብ የሚጠቀምበትን ፊደል የሚወስነው አካባቢውን አይቶ ነው። ዩቲኤፍ-8ን በራሱ መነሻ ያደረገው ከስሪት 18 ጀምሮ ነው፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022። የኛው ፕሮግራም 11 ላይ ነበር። ስለዚህ ስም እየመዘገብን ሳለ ስክሪኑ ላይ ሁሉም ደህና ይታያል፣ ሜሞሪ ላይ ነዋ። ወደ ፋይል ሲጽፈው ግን ለማያውቀው ፊደል ሁሉ አንዳንድ የጥያቄ ምልክት እያስቀመጠ ይሄዳል። ስህተት አይልም፣ አይጮህም። አንድ ቀን መብራት ሄዶ መጣ፣ ፕሮግራሙ ተነሳ፣ ፋይሉን አነበበ። ያነበበው ራሱ የጻፈውን የጥያቄ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ መምህር ነኝና ትንሽ ልቆይ። ጥያቄ ምልክት ስታዩ ቁጠሩት። ለአንድ ፊደል አንድ ምልክት ከሆነ ስሙ ሲጻፍ ነው የጠፋው፣ ፋይሉ ውስጥም የለም፣ አይመለስም። ለአንድ ፊደል ሦስት ሦስት ምልክት ከሆነ ግን ደስ ይበላችሁ፤ አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ስለሆነ ነው፣ ፋይሉ ደህና ነው፣ ያልሆነው አነባበቡ ነው። ባዶ ሳጥን ሳጥን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፣ ፎንት የለም ማለት ነው፤ ላንግን አትንኩት፣ ፎንት ጫኑ። እኛ ጋ ሁለቱም ነበር። ልጁ ራሱ ላፕቶፑ ላይ መዝግቦ የላከልን ክፍሎች ሦስት ሦስት ምልክት ነበሩ፣ እኛ ኮንቴይነሩ ላይ የመዘገብናቸው ሁለት ክፍሎች አንድ አንድ።

መፍትሔው አንድ መስመር ነበር። ኮንቴይነሩን ሲያስነሱ ዶከር ራን ከሚለው በኋላ ሰረዝ ኢ፣ ከዚያ ላንግ እኩል ይሆናል ሲ ነጥብ ዩቲኤፍ-8። (ትዕዛዙን በኛ ፊደል ነው የጻፍኩት፣ እናንተ ኪቦርድ ላይ በእንግሊዝኛ ጻፉት፤ ላንግም ቲዜድም በትልልቅ ፊደል ናቸው።) አንድ መስመር! የሌሎቹ ክፍሎች ስም በደቂቃ ተመለሰ። የሁለቱን ክፍል ከመመዝገቢያ ደብተሩ ላይ እንደገና በእጃችን ጻፍን። እያንዳንዱን ተማሪ እስከ አያቱ። ልጅቷን አስጠርቼ የስሟን አጻጻፍ ጠየቅኋት፣ በ«ሀ» ነው በ«ሐ»? «በሐመሩ ሐ» አለች። ደብተሩ ላይ በሃሌታው ነበር የተጻፈው። ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያገኘነው ትርፍ ይሄ ብቻ ነው መሰለኝ።

አሁን ልብ በሉልኝ፣ የጽሑፌ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የፊደሉን ችግር ከዛሪማ ሳልነሳ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በአንድ መስመር ፈታሁት። ለምን? ጃቫን የሠሩት ሰዎች የትኛው ፊደል የሚለውን ጥያቄ ከውጭ እንዲመለስ ክፍት ስለተውት። ካርዱ ላይ ያለውን የትምህርት ቤት ስም ግን ማስተካከል አልቻልኩም። ልጁ ስሙን ኮዱ ውስጥ ጽፎ፣ ኮዱን ኢሜጁ ውስጥ አሽጎታል። እሱን ለመቀየር ኮዱን ከፍቶ፣ ቀይሮ፣ ኢሜጁን እንደ አዲስ መሥራት ያስፈልጋል። ኢሜጅ ሲሠራ ደግሞ ግማሹን ነገር ከኢንተርኔት ያወርዳል። ስለዚህ አንዲት የስም ለውጥ አንድ ፍላሽ ወደ ጎንደር፣ አንድ ፍላሽ ከጎንደር ሆነች። ያውም ሹፌሩ ደህና ሰው ሆኖ፣ መንገዱ ተከፍቶ። ካርዱ ዘገየ። ዝውውር የሚጠይቁ ሁለት ተማሪዎች ካርድ እስኪሰጣቸው ድረስ ሌላ ትምህርት ቤት ሳይመዘገቡ ቆዩ። የማያውቁን የሠሩልን ነገር ሊማሊሞን ወርዶ ተስተካከለ፣ እኛው የሠራነው ግን እዚያው ጎንደር ተቆልፎበት ቀረ።

ብዙ ሰው «ይሄ ኮንፊግሬሽን ምናምን የምትለው የትልልቅ ኩባንያ ነገር ነው፣ ሺህ ሰርቨር ላለው ነው» ይለኛል። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ሺህ ሰርቨር ያለውና ፈጣን ኔትወርክ ያለው ሰው ኮድ ውስጥ አሽጎ ቢሳሳት በአሥር ደቂቃ እንደገና ሠርቶ ይልከዋል። ኔት በሌለበት፣ መብራት በሚመላለስበት፣ ባለሙያው መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ርቆ ባለበት ቦታ ግን የታሸገ ነገር ታሽጎ ይቀራል። ስለዚህ ከውጭ የሚቀየር ነገር በብዛት የሚያስፈልገው ለኛ ነው። ጎንደርና አዲስ አበባ ተቀምጣችሁ ለወረዳ፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤት ሶፍትዌር የምትሠሩ ልጆቼ፣ ይቺን ያዙልኝ።

ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ወዳጆቼ ዲኤችአይኤስ2ን ታውቁታላችሁ፣ ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበትን። የተሠራው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከ70 በላይ ሀገሮች ይጠቀሙበታል። ኖርዌዮቹ ለኢትዮጵያ ብለው ሌላ ፕሮግራም አልጻፉም። የዘመን አቆጣጠሩ ከሴቲንግ የሚመረጥ ነው፣ የኢትዮጵያን ስትመርጥ ጳጉሜንም ያውቃል። የዳታቤዙ አድራሻና ፓስወርድ ከፕሮግራሙ ውጭ በአንድ ፋይል ይቀመጣል፣ ያ ፋይል ያለበትን ፎልደር ደግሞ ፕሮግራሙ የሚያገኘው በአንድ ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል ነው። የኦስሎ ሰው ዛሪማ የት እንዳለ ሳያውቅ ለዛሪማ ቦታ ትቶላታል። የኛ ልጅ ዛሪማ ተወልዶ ለዛሪማ ቦታ አልተወላትም። ይሄ ወቀሳ አይደለም፣ ወይም ከሆነም ወቀሳው የኔ ነው፣ እመጣበታለሁ።

ሰዓቱን ልንገራችሁ፣ እሱ ትንሽ ያስቃል።

ኮንቴይነር ምንም ካልተነገረው ሰዓቱ የግሪንዊች ነው። እኛ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት እንቀድማለን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የደረሰ ተማሪ በፈረንጅ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት መሆን ሲገባው አምስት ሰዓት ተብሎ ይመዘገባል። መፍትሔው ቲዜድ የሚባለውን ቫሪያብል «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» ብሎ መስጠት ነው። አንዱ ጎበዝ ተማሪዬ ግን ሌላ ዘዴ አመጣ። «ቲቸር፣ በኛ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት እንዲል ለምን ሳኦ ፓውሎ አናደርገውም?» አለኝ። ብራዚል! አሰብኩት፤ ሳኦ ፓውሎ ከግሪንዊች ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው፣ የበጋ ሰዓት መቀያየሩንም እ.ኤ.አ. በ2019 ትተውታል። በኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲሆን በእነሱ ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ነው። እውነቱን ነው፣ ቁጥሩ ይገጥማል! እንዲያውም ቀኑ የሚለወጠው እንደኛው ጎህ ሲቀድ ይሆናል። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበለት። እኔም ለጭንቅላቱ አጨበጨብኩና አይሆንም አልኩት። ቲዜድ ፕሮግራሙ ያለበትን ቦታ የሚነግር ነው። ብራዚል ነህ ካልከው ያምንሃል፣ ዳታቤዝ ላይም ያንኑ ሰዓት ይጽፋል፤ ነገ አንድ ሰው አይቶ ሲያስተካክለው ያለፈው መዝገብ ሁሉ በስድስት ሰዓት ይዛነፋል። የኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከፈለግን ለሱ ሌላ የራሱ ቫሪያብል እናውጣ፣ ፕሮግራሙ ሲያሳይ ስድስት ሰዓት ይቀንስ። ቦታ ሌላ፣ አቆጣጠር ሌላ።

ከሰዓት ሳልወጣ አንድ ለመንገድ የሚሆናችሁ ላክል። አልፓይን በሚባለው ትንሽዬ ሊኑክስ ላይ የተሠሩ ኮንቴይነሮች የሰዓት ክልል ዝርዝሩን ይዘው አይመጡም። «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» ብትሉት ዝም ብሎ ግሪንዊች ላይ ይቆያል። የኛ ባክአፕ የምትሠራዋ ትንሽ ኮንቴይነር እንዲህ አደረገችኝ። ዝርዝሩን ከኢንተርኔት መጫን ይቻላል፣ ኔት ካለ። ከሌለ ቲዜድን ኢኤቲ፣ ሰረዝ፣ 3 ብላችሁ ስጡት፣ ያለ ምንም ዝርዝር ይገባዋል። ሰረዙ መቀነስ ነው፣ አትደንግጡ፤ በዚህ አጻጻፍ ከግሪንዊች በስተምሥራቅ ያለ ሀገር የሚጻፈው በመቀነስ ነው። ማን እንዲህ እንዳደረገው እግዜር ይወቅ። እኔ መደመር ጽፌ ስድስት ሰዓት ተሳስቼ ግማሽ ቀን ጠፍቶብኛል።

ሌላም ያንከራተቱኝ አሉ። ፋይሉን ቀየርኩ፣ ኮንቴይነሩን ሪስታርት አደረግኩ፣ ምንም አልተለወጠም። ሦስቴ ደገምኩት። ለካ ዶከር ሪስታርት ሲባል ያንኑ ኮንቴይነር በድሮ ቫሪያብሉ ነው የሚያስነሳው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣም እንደዚያው። አዲሱን እንዲወስድ ኮንቴይነሩ ፈርሶ እንደገና መፈጠር አለበት፣ በዶከር ኮምፖዝ ለምትሠሩ ኮምፖዝ አፕ ስትሉ እሱ ያደርገዋል። ከኮምፖዙ ጎን የሚቀመጠው ነጥብ ኢኤንቪ የሚባለው ፋይል ደግሞ በራሱ ኮንቴይነሩ ውስጥ አይገባም፣ ኮምፖዙ ፋይል ላይ የተጠቀሰውን ቦታ ብቻ ነው የሚሞላው፤ እንዲገባ ከፈለጋችሁ ንገሩት። የፖስትግሬስ ፓስወርድ ቫሪያብልም የሚሠራው ዳታቤዙ ባዶ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ብቻ ነው፣ ኋላ ብትቀይሩት የድሮው ፓስወርድ እንዳለ ይቆያል። እና የጥቅስ ምልክት! አዲሱ ፍላሽ ሲመጣ የትምህርት ቤቱ ስም ቫሪያብል ሆኖ መጣ፣ ደስ አለኝ፣ ፋይሉ ላይ በጥቅስ ውስጥ ጻፍኩት። ኢንቭ ፋይልን ለዶከር ራን ስትሰጡት ጥቅሱን የዋጋው አካል ያደርገዋል። ካርዱ ላይ የትምህርት ቤታችን ስም በጥቅስ ታተመ፣ «ትምህርት ቤት» እየተባለ የሚሾፍበት መሰለ። አንዱ የሒሳብ መምህር ይሄን አይቶ ሳምንት ሙሉ ሲስቅብኝ ከረመ። (አዎ፣ ስሙን በአማርኛ ብትሰጡትም ይቀበላል፣ ላንግ ግን አብሮ ይሰጥ፤ አለበለዚያ የትምህርት ቤቱም ስም ጥያቄ ምልክት ይሆናል።)

እስካሁን የነገርኳችሁ የሚያስቀውን ነው። የማያስቀው ፓስወርዱ ነው።

ልጁ የዳታቤዙን ፓስወርድም ኢሜጁ ውስጥ አሽጎታል። ያ ፍላሽ የኛ ብቻ አይደለም። አንዱ መምህር ለጓደኛው ቀዳለት፣ ጓደኛው ለሌላ። አሁን ስንት ትምህርት ቤት እንደሚጠቀምበት እኔም ልጁም አናውቅም። የሁሉም ቁልፍ አንድ ነው። ማንኛውም ዶከር የሚያውቅ ተማሪ፣ እኔ ያስተማርኩትም ይሁን፣ ፍላሹን ላፕቶፑ ላይ ጭኖ ዶከር ሂስትሪ ቢል ፓስወርዱን ያነበዋል። ከዚያ የጎረቤቱን ትምህርት ቤት ሰርቨር ካገኘ 48ን 84 ማድረግ ይችላል። አደረገ አላልኩም። ይችላል ነው ያልኩት። የ12ኛ ክፍል ልጅ ትራንስክሪፕት እዚያ ላይ ነው የሚሠራው፣ አስቡት።

ፓስወርድ በቫሪያብል ሲሰጥ ቢያንስ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የራሱ ይኖረዋል፣ ፍላሹ ቢዞርም ቁልፉ አብሮት አይዞርም። ቫሪያብልም ግን ካዝና አይደለም፣ ሰርቨሩ ላይ የገባ ሰው ዶከር ኢንስፔክት ብሎ ያየዋል። ከዚያ የተሻለው ፓስወርዱን በፋይል አስቀምጦ በቫሪያብሉ የፋይሉን አድራሻ ብቻ መስጠት ነው፣ ፖስትግሬስም ይሄን ይቀበላል። ቴሌብርም ሆነ ሌላ የክፍያ ሥርዓት ከዌብሳይታችሁ ጋር የምታገናኙ ልጆች፣ ቁልፋችሁን ኮድ ውስጥ ጽፋችሁ ጊትሀብ ላይ አትጫኑ። በሐምሌ 2016 የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የወሰዳችሁ ተማሪዎቼ ሰርተፍኬታችሁን ፖስት ስታደርጉ እኮራለሁ፣ እውነቴን ነው። ከሰርተፍኬቱ ቀጥሎ ግን የፕሮጀክታችሁን ኮድ ክፈቱና «ይሄን አሁን ለማንም ባሳየው የሚሰረቅ ነገር አለበት ወይ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የሄሮኩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት የአሥራ ሁለቱ ነጥብ መመሪያ ላይ ያስቀመጡት መፈተኛ ይኸው ነው።

ሁሉንም ቫሪያብል አድርጉ ማለቴ አይደለም። አንድ ጊዜ ያየሁት ሲስተም ለማስነሳት የቫሪያብሉ ዝርዝር ሁለት ገጽ ነበር፣ ግማሹ ምን እንደሚሠራ የጻፈውም አያውቅ። ያ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው። የማለፊያ ማርክ አደማመር የፕሮግራሙ ሥራ ነው፣ ኮድ ውስጥ ይኑር። ከቦታ ቦታ የሚለያየውን ብቻ አውጡ፤ ለኛ ፕሮግራም ቆጥሬው ሰባት ሆነ። ያላስቀመጡትን ሲያጣ ደግሞ ዝም ብሎ የሌላ ትምህርት ቤት ስም ከሚያትም «የትምህርት ቤት ስም አልተሰጠኝም» ብሎ ይቁም። ቆሞ ቢያስቸግረኝ ይሻለኛል።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ልጁ ተማሪዬ በነበረ ጊዜ የመጀመሪያ ፕሮግራሙን ሲጽፍ የትምህርት ቤቱን ስም የት ላድርገው ብሎ ጠይቆኝ ነበር። «እዚያው ኮዱ ላይ ጻፈው፣ አንድ ትምህርት ቤት ነው ያለን» አልኩት። እኔም የተማርኩት እንደዚያ ነው፤ ኮሌጅ ዲፕሎማዬን ስሠራ ቫሪያብል ማለት ኤክስ እኩል ይሆናል አምስት ነበር፣ ከፕሮግራሙ ውጭ ቫሪያብል አለ ያለኝ ሰው የለም። አይሲቲ ስናስተምርም ፕሮግራሙ የሚጀምረውም የሚያልቀውም ያው ስክሪን ላይ ነው። የሚሠራ ከሆነ ማርክ እንሰጣለን። ሌላ ሰው ቤት፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ ያለ ደራሲው ይሠራል ወይ ብለን ፈትነን አናውቅም። ዘንድሮ ጀምሬያለሁ። ፕሮጀክት ሲያስረክቡኝ ኮዱን ሳልነካ ስሙን፣ ሰዓቱንና ፓስወርዱን ከውጭ ልቀይረው እሞክራለሁ። ካልተቀየረ ግማሽ ማርክ። መጀመሪያ ላይ ጮሁብኝ፣ አሁን እርስ በርሳቸው ፕሮግራም እየተቀያየሩ ይፈትናሉ።

ልጁ ሁለተኛውን ስሪት ጨርሷል፣ ሰባቱ ቫሪያብሎች ምን ምን እንደሆኑ አማርኛ ማብራሪያ ያለው አንድ ገጽ አብሮ አዘጋጅቷል፣ እኔ አርሜዋለሁ። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከአዲርቃይ እስከ ዳባት ድረስ የድሮውን የካርድ ፕሮግራም በፍላሽ የተቀዳችሁ መምህራን ካላችሁ ዛሬውኑ ዳታቤዙ ውስጥ ገብታችሁ ፓስወርዱን ቀይሩ፤ ቫሪያብሉን መቀየር አይበቃም፣ ከላይ እንዳልኩት አይሰማም። እንዴት እንደሚቀየር ለማታውቁ ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ፓስወርዱ ከተቀየረ የድሮው ፕሮግራም አልገባም ይላል፣ አትደንግጡ፣ አዲሱን ፍላሽ እስክታገኙ ነው። ፍላሹ ቅዳሜ ከጎንደር ይነሳል፣ ደባርቅ መናኸሪያ የሚቀበል ሰው ካላችሁ ስሙን ላኩልኝ። ባዶ ፍላሽ ይዞ ይምጣ፣ 8 ጊጋ ይበቃል። የተማሪ ስም ዝርዝራችሁ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ከሆነ ደግሞ ምንም ነገር ሳትመዘግቡበት፣ ሳታጠፉት፣ መጀመሪያ ለአንድ ፊደል ስንት ምልክት እንደሆነ ቆጥራችሁ ጻፉልኝ።